በባሕሩ መካከል ስለታየችው ጉሬዛና ከግድግዳ ስለወረደው ፎቶግራፍ

መቱ፣ መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሰማያዊ መስኮት ፊልም ሥራ ድርጅት
ለክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ደራሲና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አንዲት ጉሬዛን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንደ ሶር ወንዝ የማይቋረጥ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ፣ ጆሮዎ፣ ይልቁንም ዓይንዎ እንዴት ሰነበተ? ዓይንዎን ለይቼ የጠየቅሁበትን ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል። እዚህ እኔም፣ ዝናቡም፣ ጭቃውም ደኅና ነን።

ስሜ ደቅሲሳ ዋቁማ ነው። መቱ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። በትምህርት በኩል ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የቀረውን የተማርኩት ዕቃ ተጠቅልሎባቸው ከሚመጡ ጋዜጦች ስለሆነ ብዙ ነገር አውቃለሁ፣ ነገር ግን ሁሉንም የማውቀው ጋዜጣው እስከተቀደደበት ድረስ ነው። የሰፈሩ ልጆች አጎቴ ይሉኛል። ካቻምና በጥቅምት ወር ለቀረጻ በመጡ ጊዜ የሞተብዎትን ጀኔሬተር ሁለት ጊዜ ያስነሣሁልዎት፣ ሲያስነሣም ሲያወራም የማይደክመው ሰውዬ እኔ ነኝ።

በውድ ጊዜዎ ላይ ይህን ደብዳቤ ስጭንብዎ ጉዳዬ ቀላል መሆኑን አስቀድሜ አረጋግጥልዎታለሁ። አንዲት ጉሬዛ ናት። ሌላው ነገር እግረ መንገዱን የመጣ ነው።

1ኛ. «ሰባተኛው መልሕቅ» በተሰኘው አዲሱ የባሕር አስፈሪ ፊልምዎ ላይ፣ አርባ አንደኛው ደቂቃ ገደማ፣ መርከቧ በቀይ ባሕር መካከል ጠፍታ፣ ካፒቴኑ ደረቱን ይዞ «አሥር ቀን ሙሉ መሬት አላየንም! ከአድማስ እስከ አድማስ አንዲት ቅጠል የለችም!» ብሎ ሲያለቅስ፣ ከኋላው ካለው ትልቅ ዛፍ ላይ አንዲት ጉሬዛ ነጭ ጭራዋን እያወዛወዘች ወደ ሌላው ዛፍ ትዘላለች። በወጣቶች ማእከል አዳራሽ የነበሩት ልጆች ሁሉ በአንድ ድምፅ «ዌኒ! ዌኒ!» እያሉ በኦሮምኛ ስሟን ጠሩላት። ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናትም «አንቺ ደግሞ፣ መሬት ካለ ለምን አትነግሪያቸውም?» ብለው ተቆጧት። እኔ ጉሬዛዋ ለምን ገባች አልልም። በፊልሙ ውስጥ ከነበሩት ሁሉ የምትሠራውን የምታውቅ እርስዋ ብቻ ስለነበረች፣ መጨረሻ ላይ ከሚወርደው የምስጋና ዝርዝር ውስጥ ስሟ መቅረቱ ግን እንደ አገሯ ሰው ቅር አሰኝቶኛል።

2ኛ. ጉሬዛዋን አንሥቼ ባሕሩን ብተወው ይቀየመኛል። ቀይ ባሕር ሆኖ የቀረበልን ከሶር ፏፏቴ ወረድ ብሎ ያለው ውሃ መሆኑን፣ ልጅ ሆነን የዋኘንበት ሰዎች በመጀመሪያው እይታ አውቀነዋል። በቀረጻው ጊዜ ይህንኑ በትሕትና ባነሣብዎ፣ ሶር ገባን፣ ገባ ባሮን፣ ባሮ ዓባይን ተከትሎ አንድ ቀን ባሕር መድረሱ ስለማይቀር ውሃው ከወዲሁ ባሕር ቢባል ነውር እንደሌለው አስተምረውኛል። ትምህርቱን ተቀብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጥገና የሚመጣልኝን ሬዲዮ ሁሉ፣ ነገ መሥራቱ ስለማይቀር ዛሬ እንደሠራ ቆጥሬ እመልስ ጀመር፤ ደንበኞቼ ግን እንደ እኔ አልገባቸውም። ዓባይ የሚደርሰው ቀይ ባሕር ሳይሆን ሌላ ባሕር መሆኑን ያነበብኩት በኋላ ነው፤ ጋዜጣው እዚያ ቦታ ላይ አልተቀደደም ነበር።

3ኛ. ስለ አስፈሪነቱም በእውነት ልመስክር። ለጭጋጉ ያስነደዱት የቡና ገለባ ጭሱ ወፍራም ስለነበረ፣ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠን እንኳ ዓይናችንን ያሸን ብዙዎች ነን። ዝናብ እንደ ዘመድ ሳይጠራ በሚመጣበት አገር ተቀምጠው፣ ሲዘንብ ካሜራውን በላስቲክ ሸፍነው ቆመው፣ ሲያባራ በሰማያዊ የጎማ ቱቦ ዝናብ ማዝነብዎ ግን ከሰማዩ ጋር የግል ጠብ ከሌለብዎ በስተቀር ምክንያቱ አልገባኝም። ማዕበሉ ሸራ ነበር፤ በግራ በኩል የሚያራግበው የመናኸሪያችን ጫኝና አውራጅ ክንዱ ሦስት ጊዜ የታየ ሲሆን፣ በሦስተኛው ጊዜ ሰዓቱን ተመልክቷል። መርከቧም ከመስጠሟ በፊት ወደ ኋላ ስትሄድ የአይሱዙ ቀይ መብራት በርቶላታል። እኔ በበኩሌ ከልቤ የፈራሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም «ክፍል ሁለት ይቀጥላል» የሚለው ጽሑፍ ሲወጣ።

እስከዚህ ድረስ ላለው ሁሉ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። ከተማችን በአንድ አዳራሽ ተሰብስባ እንዲህ ከሳቀች ዓመታት አልፈዋታል፤ ሕዝብ ለማስፈራራት መጥቶ አስቆ የሄደም ሰው ከእርስዎ በቀር አላየንም።

4ኛ. አራተኛው ቅሬታዬ ስለ መንፈሱ ነው። እስካሁን የቀለድኩት፣ ክቡር ሆይ፣ ወደዚህ ላለመድረስ ነው።

በፊልምዎ ውስጥ በካፒቴኑ ክፍል ግድግዳ ላይ የተሰቀለው፣ ሌሊት ሌሊት ዓይኑ የባሕር ውሃ የሚያፈሰው፣ ከዚያም ከመስተዋቱ ወጥቶ መርከበኞቹን አንድ በአንድ ወደ ጥልቁ የሚጎትተው «የሰመጠው ካፒቴን» ፎቶግራፍ፣ የታላቅ ወንድሜ የኢቲቻ ዋቁማ ነው። ኢቲቻ ካፒቴን አልነበረም፤ ሹመቱን ያገኘው ከእርስዎ ነው። የባሕር ኃይል መካኒክ ነበር፤ ከመርከብ ሆድ ውስጥ ሞተር የሚጠብቅ፣ ባሕሩን ካየበት ቀን ያላየበት ቀን የሚበልጥ ሰው። ፎቶውን የተነሣው ምጽዋ ነው፤ ነጭ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣው ሰፍቶት በግራ በኩል እስከ ጆሮው ወርዶ። ባለቤቱ እትዬ አስካለማርያም ያቺን ባርኔጣ ባዩ ቁጥር «ይህ የሰው ነው፤ ይህንን ለማንም እነግራለሁ፣ የባሌን ራስ አውቃለሁ» እያሉ ይስቃሉ። ከዚህ ሌላ የኢቲቻ ፎቶግራፍ የለንም።

የመጨረሻው ደብዳቤው የደረሰን በግንቦት 1983 ከአሰብ ነው። «እዚህ ሰማዩ ውሃ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እናንተ ጋ ዝናቡ እንዴት ነው?» ይላል። መልስ ጻፍን። ከዚያ በኋላ እሱም፣ ሬሳውም፣ ወሬውም አልመጣም። ሞተ የሚል ስላልተገኘ አልተለቀሰለትም፤ አለ የሚልም ስላልተገኘ አልተደሰትንም። እትዬ አስካለማርያም ይኸው ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ሚስትም መበለትም ሳይሆኑ፣ ጥቁር ሳይለብሱ ኖረዋል። አገራችን እርጥብ ስለሆነች የተሰቀለ ልብስ ሁሉ ይሻግታልና፣ ፀሐይ በወጣ ቁጥር ካፖርቱን አውጥተው አጥር ላይ ያሰጣሉ። ሰው መጥቶ ሻጋታ ልብስ እንዳይለብስ ነው።

ታዲያ ፎቶግራፉ እንዴት እርስዎ ዘንድ ደረሰ? እዚህ ላይ ዋናውን ጥፋተኛ ላጋልጥ፤ እኔ ነኝ። የዕቃ ኃላፊዎ አቶ ኦሊ ለካፒቴኑ ክፍል ግድግዳ የሚሆን ፎቶ ይዞ ሱቄ መጥቶ አሳየኝ። በፎቶው ላይ ያለው ሰው ከባሕረኛ ይልቅ ልብስ ሰፊ ይመስል ነበር። እኔ ቀልደኛው «ይህ ሰውዬ እንኳን መርከብ ገንዳም አልገባ፤ እውነተኛ ባሕረኛ ላሳይህ» አልኩት። እትዬ አስካለማርያም እኅታቸውን ሊጠይቁ ጎሬ ወጥተው ነበር። የቤታቸው ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ፎቶውን ከሚስማሩ አወረድኩና ለሰባት ቀን ብዬ ሰጠሁት። ሲመለሱ ባዶውን ሚስማር አይተው ቢጠይቁኝ፣ መስተዋቱ ስለተሰነጠቀ እንዲቀየር አዲስ አበባ ልኬዋለሁ አልኩ፤ እስከ ፊልሙ ድረስም ነገ ይመጣል፣ ከነገ ወዲያ ይመጣል እያልኩ አቆየኋቸው። በዕድሜዬ ከተናገርኳቸው ቀልዶች ሁሉ ማንም ያልሳቀበት ይህ ነው።

ፊልሙ መቱ የታየ ዕለት የኢቲቻን ልጅ ዬሮሳንን ይዣት ሄድኩ። አባቷ ለመጨረሻ ጊዜ ከቤት በወጣ በሁለተኛው ወር የተወለደች ናት፤ የአባቷን መልክ የምታውቀው ከዚያ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ድንገት በትልቁ መጋረጃ ላይ አይታው እንድትደነቅ ብዬ ምንም አልነገርኳትም። እርስዎ ግን ፎቶውን በጥቁር ጥብጣብ አስረው፣ ከሥሩ ሻማ አብርተው፣ «ነፍስ ይማር» ብለው ጽፈውበታል። ሙዚቃው ጮኸ፤ ዓይኖቹ ውሃ ማፍሰስ ጀመሩ፤ ያ ዝናብ ያዘነቡበት ሰማያዊ ቱቦም ከክፈፉ ጀርባ ብቅ አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ልናገር፤ ቱቦውን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ የቴክኒክ ሰው ስለሆንኩ ዓይኔ ወደ እንዲህ ያለው ነገር ይሄዳል። ቀድሜ የሳቅሁትም እኔ ነኝ። ሳቄ ገና ከአፌ ሳይወጣ ወደ ዬሮሳን ዞርኩ። መጋረጃውን አትመለከትም ነበር፤ የሚስቁትን ሰዎች አንድ በአንድ ትመለከት ነበር። ከሁሉም በኋላ እኔን ተመለከተችኝ።

ስለዚህ ስለ መንፈሱ ያለኝ ቅሬታ፣ ክቡር ሆይ፣ አላስፈራም የሚል ነው። ቢያስፈራ ኖሮ ማንም አይስቅም ነበር።

5ኛ. አምስተኛው ከእርስዎ ዕውቀት ውጭ የተፈጸመ ስለሆነ አልወቅስዎትም፤ ይወቁልኝ ብቻ ነው የምለው። በእኛ አገር መርዶ ፊት ለፊት አይነገርም። የሞተው ሰው መጀመሪያ «ትንሽ አሞታል» ይባላል፤ በሳምንቱ «ጠንቶበታል» ይባላል፤ ከዚያ ዘመድ በሰበብ አስባቡ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ያለ ጉዳይ ማልዶ ይመጣል፣ ባለቤቱ ራሱ እስኪደርስበት ድረስ ሁሉም ሌላ ሌላውን ያወራል። እንግዲህ የዕድራችን ዳኛ አቶ ገብረ ሥላሴ ፊልሙ በታየበት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። ሰው ሲስቅ እሳቸው አሰቡ። ፎቶግራፉን የሰጠው የገዛ ወንድሙ ነው። ጥቁር ጥብጣብ ታስሮበታል። «ነፍስ ይማር» ተብሎ ተጽፎበታል። ከዋና ከተማ የመጡ የተማሩ ሰዎች ሳያጣሩ ይህን በሰው ፎቶ ላይ አይጽፉም። ደቅሲሳ ደግሞ ቁም ነገር በአፉ መናገር የማይሆንለት ሰው ስለሆነ፣ የወንድሙን መርዶ ለሚስቱ መንገር አቅቶት በፊልም በኩል ዙሪያውን ላከው። ይህን የመሰለ አስተዋይነት ከብዙ ዓመት የዕድር ዳኝነት በኋላ የሚገኝ ስለሆነ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ስሕተቱን ፈልጌ አላገኘሁበትም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጡሩምባ ነፊያችን ቀኖ ነፋ፤ ለባለቤቱ ገና ስላልተነገረ ግን ስም እንዳይጠራ ታዝዞ ነበር። እትዬ አስካለማርያም ድምፁን ሰምተው፣ የለቅሶ መሄጃቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እስከ ማዞሪያው ድረስ ወጡ። ድንኳንና አግዳሚ ወንበር የተሸከሙትን ወንዶች አግኝተው «ማን ሞተብን? የማን ቤት ነው?» ብለው ጠየቁ። ወንዶቹ ሸክማቸውን አስተካክለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። የዕድሩ ብረት ድስት የከበደውን አንዱን ሰው አይተው በአንድ በኩል የድስቱን ጆሮ ያዙለት፤ «በሉ ምሩኝ እንጂ፣ ለቀስተኛ ይዘገያል?» እያሉም አብረው ተጓዙ። ድስቱን ይዘው የገቡት በራሳቸው በር ነው።

እኔ ስደርስ የድንኳኑ ሁለት እግር ተተክሎ ነበር። ስለ ፎቶውም፣ ስለ መስተዋቱም፣ ስለ ፊልሙም በሰው ሁሉ ፊት ተናዘዝኩ። ዕድሩ ድንኳኑን አጥፎ ሲወጣ፣ አልቅሰው የጨረሱት አፍረው፣ ያልጀመሩት ተናድደው ተበተኑ። አቶ ገብረ ሥላሴም በሩ ላይ ቆመው «ደቅሲሳ፣ እስካሁን በሕያዋን ስትቀልድ ዝም አልንህ» ብለውኝ ሄዱ። እትዬ አስካለማርያም ግን አልጮኹብኝም። በባዶው ሚስማር ፊት ቆመው፣ «ፎቶው ከተመለሰ ኢቲቻም አለ ማለት ነው፤ እስከ ትንሣኤ ድረስ ካልተመለሰ ግን ዕድሩን እኔው ራሴ እጠራዋለሁ» አሉ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቀን ሳይቆርጡ የኖሩ ሴት፣ በእርስዎ ፊልም ምክንያት ቀን ቆረጡ።

6ኛ. ከዚያ ወዲህ የሆነውን ባጭሩ ላቅርብ። ወደ ቢሮዎ ብዙ ጊዜ ደውዬ ጸሐፊዎ ዘወትር በትሕትና ቀረጻ ላይ መሆንዎን ነግራኛለች፤ ከባሕር እስኪወጡ እጠብቃለሁ ብያታለሁ። አቶ ኦሊ በበኩሉ ፎቶው «የድርጅቱ ንብረት ሆኖ» ከቢሮዎ መግቢያ መሰቀሉን ነግሮኛል፤ ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ፣ የእኛ ቤት ግድግዳ ግን ከእርስዎ ቀድሞ ያውቀዋል። ይህ እንዳለ ሆኖ ባለፈው ሳምንት የፊልምዎ ፖስተር በመናኸሪያችን ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ወንድሜ በላዩ ላይ ከመርከቧ ይበልጣል። ዓይኖቹን በቀይ ቀለም አስቀብተዋቸዋል። እትዬ አስካለማርያም ወደ ገበያ የሚያልፉት በዚያ ነው፤ አሁን ወንዙን ዞረው በታችኛው መንገድ ይሄዳሉ፤ ጉልበታቸው እንደ ድሮው ባለመሆኑም ሰዓት ይፈጅባቸዋል። እኔ በጠራራ ፀሐይ መሰላል አቁሜ ፖስተሩን ስፍቅ የመናኸሪያው ጥበቃ መጥቶ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ጠየቀኝ። ወንድሜን ከባሕር እያወጣሁ ነው አልኩት። መሰላሉን ያዘልኝ። በነጋታው አዲስ ተለጥፎ አገኘነው።

እንግዲህ ከጉሬዛዋ ተነሥተን እዚህ ከደረስን፣ የምጠይቅዎ ሦስት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ፖስተሩ እንዲነሣ። ሁለተኛ፣ ፎቶግራፉ ከትንሣኤ በፊት እንዲመለስ፤ ሲልኩልን ግን ያሰሩበትን ጥቁር ጥብጣብ አስቀድመው ይፍቱልን፤ እትዬ አስካለማርያም እንዲያዩት አልፈልግም። ሦስተኛ፣ በክፍል ሁለት ላይ

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክቡር ሆይ፤ በሩ እየተንኳኳ ነው። የማላውቀው ሽማግሌ ነው። በእጁ የእርስዎን ፖስተር አጣጥፎ ይዟል። «የዚህን ሰው ቤት እፈልጋለሁ፤ ባርኔጣው የእኔ ነው» ይላል።

እርስዎን ከእውነተኛ ባሕር፣ እኛን ከእርስዎ ባሕር እንዲሰውረን እየለመንኩ፣
የጀኔሬተርዎ አስነሺ፣ የጉሬዛዋ አገር ልጅ፣ የፊልምዎ የመጀመሪያ ሳቂ፣
በትሕትና ዝቅ ብዬ
ደቅሲሳ ዋቁማ

ግልባጭ፦
ለዕድራችን ዳኛ ለአቶ ገብረ ሥላሴ
ለመናኸሪያው ግድግዳ (ከፖስተሩ ላይ የሚለጠፍ)
ለጉሬዛዋ (ባለችበት፣ ሶር)

ተጨማሪ፤ መጋቢት 6 ቀን። ከላይ ያለውን መዝጊያ አስቀድሜ ጽፌው ስለነበር እንዳለ ትቼዋለሁ። ሦስተኛውን ጥያቄ አልጨረስኩትም፤ አሁንም አልጨርሰውም።

ሽማግሌው አቶ ሰይፈ ሚካኤል ይባላሉ። በኢቲቻ መርከብ የነበሩ ናቸው፤ ከልጃቸው ጋር ከጎሬ ወዲያ ባለችው ቡሬ ይኖራሉ። ፊልምዎን እዚያ ቪዲዮ ቤት ገብተው አይተው፣ እሳቸውም በጉሬዛዋ ስቀው፣ ፎቶው ሲመጣ ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ። ኢቲቻ ፎቶ በተነሣ ዕለት የራሱን ባርኔጣ ነፋስ ወደብ ላይ ወስዶበት ስለነበር የራሳቸውን አውልቀው ያዋሱት እሳቸው ናቸው። ከአሰብ በአንድ መርከብ ወጡ፤ የመን በአንድ መጠለያ ተቀመጡ። ኢቲቻ በሁለተኛው ዓመት በወባ ታሞ በእጃቸው ላይ ሞተ፤ ከባሕሩ ርቆ፣ ድንጋያማና ደረቅ ኮረብታ ላይ በእጃቸው ቀበሩት። ዝናብ በዓመት አንዴ የሚያየው ቦታ ነው አሉ። ኢቲቻ መቱን የሚያውቅ ስለሌለ ለሰው ሁሉ «የጎሬ ልጅ ነኝ» ይል ስለነበር፣ እሳቸው ከስደት ተመልሰው ቤተ ሰቡን የፈለጉት ጎሬ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ሄደው የሚያውቀው ሰው አጥተው ተመለሱ። ለካስ ይህን ሁሉ ዓመት መርዷችን ቡሬ ተቀምጦ ሚኒባስ ይጠብቅ ኖሯል።

እትዬ አስካለማርያም ዘንድ ይዣቸው ስገባ ምን ብዬ እንደምጀምር አላወቅሁም ነበር። እንግዳው ተቀምጠው፣ ውሃ ጠጥተው፣ ባዶውን ሚስማር አይተው፣ ስለ ባርኔጣው ብቻ ተናገሩ። እትዬ አስካለማርያም «ነገርኳችሁ! የሰው ነው አላልኩም?» ብለው ሳቁ። ቀጥለው የእንግዳውን ፊት ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያም ማንም ምንም ሳይነግራቸው ነጠላቸውን ራሳቸው አዘቀዘቁ። ካፖርቱንም ከአጥር ላይ አስወርደው፣ ባርኔጣ ላዋሰው ሰው አለበሱት።

ያባረርኩትን ዕድር ሄጄ የለመንኩት እኔ ነኝ። አቶ ገብረ ሥላሴ ምንም አልቀለዱብኝም፤ ቢቀልዱብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀኖ በዚህ ጊዜ ስሙን ጠርቶ ነፋ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በፊልምዎ ውስጥ ባሕሩም፣ መርከቧም፣ ዝናቡም፣ መስጠሙም ውሸት ሆኖ እውነተኛው ነገር እኔ ያዋስኩዎት ፎቶ ብቻ ነበር፤ ሥራውን የሠራልዎትም እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬን ሁሉ አንሥቻለሁ። ጉሬዛዋም ትዝለል፣ ፖስተሩም ይቆይ፤ ሌላ የሚያውቀው ሰው ካለ ይየው። የምለምንዎ ፎቶው በመጀመሪያው አውቶቡስ እንዲላክልን ብቻ ነው፤ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ለቀስተኛው ገብቶ የሚያለቅሰው ለሚስማር ነው። ጥቁሩን ጥብጣብ ይፍቱልን ያልኩትን ግን ይተዉት። እንደታሰረ ይላኩት፤ አሁን ልኩ ሆኗል።